የማይገጥብ ኮርቻ፦ ለጎንደር ጀማሪ የኮርስ ብስክሌት ነጂዎች

ኮርስ ብስክሌት በያዝኩ በሁለተኛው ሳምንት ከፒያሳ አዘዞ ወረድኩ። ደርሶ መልስ 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስወርድ ነፋሱ ደስ ይላል። ስመለስ ግን ዳገቱን ገና ሳላጋምስ ብሽሽቴ ደነዘዘ። እግሬ አልዛለም። ትንፋሼም ደህና ነበር። መቀመጥ ግን አልቻልኩም። የቀረውን መንገድ ፔዳሉ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ቤት ደርሼ ስወርድ ከወገቤ በታች ያለው አካል የኔ አልመስል አለኝ።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁና ካገኘሁት ሁሉ ወፍራሙን፣ ሰፊውንና ለስላሳውን ኮርቻ ገዛሁ። በእጄ ስጫነው እንደ ትራስ ይሰምጥ ነበር። በቃ ተገላገልኩ አልኩ። በሳምንቱ ከበፊቱም ባሰብኝ።

ገበሬ በቅሎው ጀርባ ላይ ቁስል ሲያይ ተገጠበ ይላል። ኮርቻውን ፈትቶ የት ጋ እንደሚጫን ያያል፣ ያስተካክላል። በቅሎዋን «ትለምጂዋለሽ» አይላትም። ለጀማሪ ብስክሌት ነጂ ግን ሁሉም ሰው «ትለምደዋለህ» ይለዋል። ግማሹ እውነት ነው። የሚለመድ ሕመም አለ። የማይለመድና መለመድም የሌለበት ሕመምም አለ። ይህን የምጽፈው ሁለቱን እንድትለዩና እዚሁ ከተማችን በሚገኝ ካርቶን፣ ክርና ውሃ ልክ ተጠቅማችሁ የሚገጥማችሁን ኮርቻ እንድታገኙ ነው። ብስክሌት ወደው ጀምረው በዚህ ሕመም ብቻ የተዉ ልጆች አውቃለሁ። ያሳዝነኛል።

ለስላሳው ለምን ይጎዳል

ጠንካራ ወንበር ላይ ቁጭ በሉና መዳፋችሁን ከመቀመጫችሁ ሥር አስገቡ። ግራና ቀኝ ትንሽ ተወዛወዙ። ሁለት ጉብ ያሉ አጥንቶች መዳፋችሁን ሲጫኑት ይሰማችኋል። የመቀመጫ አጥንት የምንላቸው እነሱ ናቸው። ሰውነታችሁን መሸከም ያለባቸው እነሱ ናቸው። በመሐላቸው ያለው ለስላሳ ቦታ ግን ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ነው። እሱ ክብደት እንዲሸከም አልተፈጠረም።

አሁን የዳቦ ሊጥ አስቡ። ሁለት ጣታችሁን ሊጡ ውስጥ ስታስገቡ በጣቶቹ መሐል ያለው ሊጥ ወደ ላይ ያብጣል። በጣም ለስላሳ ኮርቻም እንዲሁ ነው። ሁለቱ አጥንቶች ስፖንጁ ውስጥ ይሰምጣሉ። መሐሉ ያብጥና ያንን ለስላሳ ቦታ ከሥር ይጫነዋል። ለአምስት ደቂቃ ይመቻል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያደነዝዛል። ከላይ የሚለበሰው የጄል ሽፋንም ያው ነው። እንዲያውም እሱ ይንሸራተታል።

ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ያ ውድድር 21 ቀን የሚነዳበት ነው። እዚያ ያሉ ነጂዎች ሁሉ የሚቀመጡት ቀጭንና ጠንከር ባለ ኮርቻ ላይ ነው። ሥጋቸው ከእኛ ሥጋ የተለየ አይደለም። ኮርቻው ልካቸው ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

ምንም ነገር ከመፍታታችሁ በፊት የት ጋ እንደሚያማችሁ በትክክል እወቁ። መፍትሔው እንደ ቦታው ይለያያል።

ሁለቱ አጥንቶች ላይ እንደ ድብደባ የሚሰማ ሕመም ከሆነ አትደንግጡ። ጀማሪ ሁሉ ያልፍበታል። በሳምንት ሦስት ቀን አጫጭር መንገድ ብትነዱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። የሚለመደው ይሄ ነው።

መደንዘዝ ወይም መንዘር ከሆነ ግን ቁም ነገር ነው። ለስላሳው ቦታ ታፍኗል ማለት ነው። ያኔውኑ ከኮርቻው ተነሱ። ደሙ ይመለስ። «ትንሽ ልታገሥ» የሚባል ነገር የለም። ከወረዳችሁ በኋላ ለሰዓታት የማይለቅ ከሆነ፣ ወይም ሽንት ላይ ለውጥ ካያችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ጭን ውስጥ መላላጥ ካለ ደግሞ ወይ ኮርቻው ከፍ ብሏል፣ ወይ አፍንጫው ሰፊ ነው፣ ወይ ልብሱ ነው። አፍንጫ የምለው የኮርቻውን ቀጭን የፊት ጫፍ ነው። አንድ ጎን ብቻ የሚያም ከሆነ ኮርቻው ጠማማ መሆኑን እዩ። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት አፍንጫው ከብስክሌቱ መሐል ጋር ቀጥ ማለት አለበት። ብስክሌት አንዴ ከወደቀ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ይዞራል። ሳናየው እንነዳዋለን።

ደረጃ 1፦ ቁመቱን አስተካክሉ

ያን ለስላሳ ኮርቻ ገዝቼ ሲብስብኝ፣ ሌላ ኮርቻ ልጠይቅ ወደ አንድ የብስክሌት ጠጋኝ ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደገፉና «እስኪ ውጣበት ልጄ» አሉኝ። ወጣሁ። ወደ ኋላ እንድረግጥ ነገሩኝ። ከኋላዬ ቆመው ወገቤን ብቻ ያያሉ። ትንሽ ቆይተው ሳቅ አሉ።

«ኮርቻው ምን አደረገህ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብህ እኮ። እይ፣ ፔዳሉን ለመድረስ ግራና ቀኝ እየተንጠራራህ ነው።»

«እንዴት ጋሼ? ከፍ ሲል ጉልበት ይሰጣል ብለውኝ ነው።»

«ጉልበቱስ ይሁን። ሥጋህን ግን እየፈገፈግከው ነው።»

ብሩግላ (ባለ ስድስት ጠርዝ መፍቻ) አመጡና ኮርቻውን ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረጉት። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። የዚያን ቀን የሕመሜ ግማሹ ጠፋ። እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፉና ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉን እስከ ታች አውርዱት። ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት፤ ወገባችሁ ግን መዘንበል የለበትም። ከዚያ እንደምትነዱት የእግራችሁን የፊት ክፍል ፔዳሉ ላይ ስታደርጉ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። ልኩ ይሄ ነው። ሰው ከኋላ ቆሞ ወገባችሁን ይይላችሁ። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ስልካችሁን ጡብ ላይ አስደግፋችሁ ቪዲዮ ቅረጹ።

በቁጥር ማረጋገጥ ለሚፈልግ ደግሞ የታወቀ ስሌት አለ። በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። ጠንካራ መጽሐፍ በእግራችሁ መሐል ወደ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ አናት ለኩ። ያገኛችሁትን በ0.883 አባዙ። 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል። ይህ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል አንስቶ፣ ኮርቻውን የተሸከመውን ብረት ተከትሎ፣ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ይህም መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ከዚያ በኋላ በሁለትና በሦስት ሚሊ ሜትር እየቀያየራችሁ ትፈልጋላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የኮርቻው ብረት ላይ ከዚህ በላይ አታውጣ የሚል መስመር ተቀርጿል። መስመሩ ውጭ ከታየ ብረቱ ሊሰበር ይችላል። ብስክሌቱ ለእናንተ አጭር ነው ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ በውሃ ልክ አስተኙት

አፍንጫው ወደ ላይ ያየ ኮርቻ ለስላሳውን ቦታ ይወጋል። በጣም ወደ ታች ያጎነበሰ ደግሞ ወደ ፊት ያንሸራትታል፤ ክብደታችሁን እጅና ትከሻችሁ ይሸከመዋል። ትክክለኛው መነሻ አግድም መተኛቱ ነው።

ውሃ ልክ ከግንበኛ ጎረቤት ተዋሱ። ስልክም ላይ አለ። መጀመሪያ ወለሉን ለኩ። በጎንደር ጠፍጣፋ ግቢ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ብስክሌቱ ዘንበል ባለ መሬት ላይ ከቆመ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሁለቱ ጎማዎች የሚያርፉበትን ቦታ ጣውላ ዘርግታችሁ እኩል አድርጉት። ከዚያ ኮርቻው ላይ ከፊት እስከ ኋላ ጠንካራ ደብተር አጋድሙ። ውሃ ልኩን ደብተሩ ላይ አስቀምጡ። ኮርቻ ጎበጥ ስለሚል ያለ ደብተሩ ትክክለኛውን አታገኙም።

አሁን ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዘዞ ያለው አየር ማረፊያ 1,994 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ከዚያ ስንመለስ ተቀምጠን ረጅም ዳገት እንገፋለን። በ100 ሜትር 5 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ ብስክሌቱ ራሱ 3 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ይቃናል። ሜዳ ላይ አግድም የነበረው ኮርቻ ዳገቱ ላይ አፍንጫውን 3 ዲግሪ ያነሳል። እኔን ሜዳ ላይ የማያመኝ ኮርቻ ዳገት ላይ የሚያደነዝዘኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳሰላ ነው። አፍንጫውን በ2 ዲግሪ ዝቅ አደረግኩት። ለውጡ የሌሊትና የቀን ያህል ነበር። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው አግድሙ ይበቃው ይሆናል። እዚህ ግን ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከዚያ በላይ ካጎነበሳችሁት ቁልቁለቱ ላይ እጃችሁ ይደነዝዛል።

የኮርስ ብስክሌት ኮርቻ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በ5 ወይም በ6 ቁጥር ብሩግላ ይፈታል። የድሮው ዓይነት በግራና በቀኝ ዳዶ አለው፤ እሱን በ13 ቁልፍ ትፈቱታላችሁ። ስታጠብቁ ኮርቻውን በሁለት እጅ አፍንጫውን ጫን አድርጋችሁ ፈትሹት። ላላ ካለ ኮብልስቶን ላይ ስትገቡ ይገለበጣል። እኔ ላይ ደርሷል። ውድቀት ያመጣል።

ደረጃ 3፦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ

እዚህ ላይ ቱምቢ ያስፈልጋል። ክር ላይ ዳዶ ብታስሩም ቱምቢ ነው። ተቀመጡና ፔዳሎቹን አግድም አድርጉ፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ። ክሩን ከፊተኛው እግር ጉልበት ጫፍ ልቀቁት። ፔዳሉ የተሰካበት ዘንግ ላይ ወይም እሱ አጠገብ ካረፈ መነሻው ደህና ነው። ኮርቻውን ወደ ኋላ ስትገፉት ከፔዳሉ ስለሚርቅ ከፍ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ቁመቱን መልሳችሁ እዩ።

በዚሁ መሪውንም እዩት። ብዙ ሰው ኮርቻ ያማርራል እንጂ ችግሩ መሪው ነው። መሪው ከራቀ ወይም በጣም ዝቅ ካለ፣ እሱን ለመያዝ ሰውነታችሁ ወደ ፊት እየተንሸራተተ አፍንጫው ላይ ይወጣል። ሁለቱ አጥንቶች ሰፊውን የኋላ ክፍል ለቀቁት ማለት ነው። ነድታችሁ ስትጨርሱ ኮርቻው ላይ አቧራው የተጠረገበትን ቦታ ተመልከቱ። ከፊት ከሆነ መሪውን አቅርቡ ወይም ከፍ አድርጉ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ምንም ብር አላስወጣችሁም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሁንም ካመማችሁ ያኔ ስለ ሌላ ኮርቻ እናውራ።

ደረጃ 4፦ አጥንታችሁን በካርቶን ለኩ

ኮርቻ እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ስፋቱ ነው። እናንተ የምትፈልጉትን ስፋት የሚወስነው በሁለቱ አጥንቶች መሐል ያለው ርቀት ነው። ውፍረትና ቅጥነት አይወስነውም። ቀጭን ሆኖ ሰፊ አጥንት ያለው አለ፤ ደልዳላ ሆኖ ጠባብ ያለው አለ። ሴቶች በአማካይ ሰፋ ይላሉ፤ ግን እያንዳንዱ ሰው ራሱን መለካት አለበት።

ከሱቅ የፓስታ ወይም የሳሙና ካርቶን ለምኑ። ሁለት ወረቀት በመሐሉ ሞገድ ያለበት ዓይነት ይሁን። ያልታጠፈና ያልረጠበ ይሁን። ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉት። የሲሚንቶ ደረጃ በጣም ጥሩ ነው። በርጩማ አይሆንም፤ መሐሉ ጎድጓዳ ስለሆነ አጥንቱ ላይ እኩል አይጫንም። ስስ ልብስ ልበሱ። ጂንስ ከሆነ ስፌቱ ያታልላችኋል።

ካርቶኑ ላይ ቁጭ በሉ። እግራችሁን አንድ ብሎኬት ላይ አውጡት፤ ጉልበታችሁ ከመቀመጫችሁ ከፍ ይበል። መሪ እንደያዛችሁ ወደ ፊት አጎንብሱ። እጃችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ የደረጃውን ጠርዝ ያዙና ራሳችሁን ወደ ካርቶኑ ሳቡ። እስከ 30 ቁጠሩ። ሳትንፏቀቁ ቀጥ ብላችሁ ተነሱ።

ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ይኖራሉ። መጀመሪያ ላይታዩ ይችላሉ። በጣት ጫፍ ዳስሱ። ወይም ጠመኔ አጋድማችሁ በስሱ ፈትጉበት። ካርቶኑ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ሁለቱ ጎድጓዶች ግን ጠመኔው ስለማይደርስባቸው ቡናማ ሆነው ይቀራሉ። እኔ ሳደርገው እንደ ሁለት ትልልቅ የባቄላ ፍሬ ነበር የታየኝ። የእያንዳንዱን መሐል በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ከመሐል እስከ መሐል በሜትር ለኩ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። አብዛኛው ሰው ከ100 እስከ 160 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይወድቃል።

በዚያ ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። የእኔ 112 ሆነ። 25 ስጨምር 137 መጣ። ስለዚህ 135 ወይም 140 የሚባለው ኮርቻ ልኬ ነው። ለስላሳው ኮርቻዬ ስንት እንደነበር በኋላ ለካሁት። 190! ጭኔን ቢልጠው ምን ይገርማል። ቀና ብሎ ለሚነዳ ሰው ትንሽ ሰፋ ያለው ይሻለዋል፤ በጣም ለሚያጎነብስ ጠበብ ያለው።

ደረጃ 5፦ ግዢው

እውነቱን እንነጋገር። እኛ ከተማ አሥር ዓይነት ኮርቻ ደርድሮ «እየቀያየርክ ሞክር» የሚል ሱቅ አትጠብቁ። ያሉት መንገዶች ሰልባጅ፣ ከሌላ ነጂ መዋዋስና ከውጭ ማስመጣት ናቸው።

ከሁሉ የምመርጠው መዋዋሱን ነው። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ የምታገኟቸውን ነጂዎች ጠይቁ። ብዙዎቹ ያልገጠማቸው ኮርቻ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። «ለአንድ ሳምንት ልሞክረው» ብትሏቸው ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ። እኔ የገጠመኝን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ወዳጄን ያሳመመው ኮርቻ ለእኔ ልኬ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ «ይሄ ምርጥ ኮርቻ ነው» የሚላችሁን ሰው አመስግኑትና መጀመሪያ ስፋቱን ጠይቁት።

ሰልባጅ ስትገዙ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የኋላውን ሰፊ ቦታ ለኩ። ገልብጡና ከሥሩ እዩ። ሁለቱ ዘንጎች እኩል ቀጥ ያሉ ናቸው? ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል? በሁለት እጅ ያዙና ጠምዘዝ አድርጉት፤ ሲጥ የሚል ድምፅ ካለ ተውት። አጥንቱ የሚያርፍበትን ቦታ በአውራ ጣት ጫኑ። ትንሽ ገብቶ መመለስ አለበት። ጣታችሁ ሥሩን ከነካ ስፖንጁ ሞቷል። ሰምጦ ከቀረም አርጅቷል።

መሐሉ ላይ ሸንተረር ወይም ቀዳዳ ያለው ኮርቻ መደንዘዝ ለሚያስቸግራቸው ይረዳል። ለወንድም ለሴትም። ግን ሁሉም ሰው አይስማማውም፤ የቀዳዳው ጠርዝ የሚቆርጣቸው ሰዎች አሉ። አፍንጫቸው አጠር ያለ ኮርቻዎችም አሉ። መደበኛው ርዝመቱ 27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አጭሩ 24 ወይም 25 ነው። አጎንብሰው ለሚነዱ ሰዎች ለስላሳውን ቦታ ይተዉለታል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ኮርቻ ለማስመጣት ቀላል ዕቃ ነው። አብዛኛው ከ350 ግራም አይበልጥም፤ ሻንጣ አይከብድም። ግን «ጥሩ ኮርቻ ይዘህልኝ ና» ብላችሁ አትላኩ። የሚመርጠው ለስላሳውን ነው፤ ስለሚወዳችሁ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ የኮርስ ኮርቻ፣ ስፋቱ 140፣ የሥሩ ዘንግ ክብና 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ መሐሉ ሸንተረር ያለው። የዘንጉን ነገር አትርሱ። የካርቦን ዘንግ ብዙ ጊዜ ሞላላ ነው፤ የእናንተ መያዣ ላይጨብጠው ይችላል። የቻለ ከሆነ ሳይስማማ ቢቀር መመለስ ከሚቻልበት ሱቅ ይግዛ፤ እሱ ሳይመለስ ደግሞ እናንተ በጊዜ ሞክሩት።

ደረጃ 6፦ ልብሱ

ፓድ (መቀመጫው ላይ የተሰፋ ስፖንጅ) ያለው ቁምጣ ኮርቻውን ያህል ዋጋ አለው። ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይደነግጣል። ግን የውስጥ ሱሪው ስፌት ነው ሥጋችሁን የሚልጠው። ፓዱ ራሱ ገላን እንዲነካ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥብቅ ያለ ቁምጣ ለብሶ በከተማ ማለፍ ለሚያሳፍረው ሰው ከላዩ ላላ ያለ ቱታ ይልበስበት። እኔም ቅዳሴ በሚለቀቅበት ሰዓት እንደዚያ ነው የማደርገው። ምቾቱ አይቀንስም።

አንዴ የተለበሰ ቁምጣ ሳይታጠብ አይደገምም። ይህ የማያወላዳ ነገር ነው። ላብ የደረቀበት ፓድ ብጉንጅ ያወጣል። ብጉንጅ ከወጣ ደግሞ እስኪድን አትንዱ፤ በላዩ ላይ መንዳት ሁለት ቀን የሚወስደውን ወደ ሁለት ሳምንት ያደርሰዋል። ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቤት እንደገባችሁ ቡና ተፈልቶ ቢጠብቃችሁም መጀመሪያ ታጠቡና ልብስ ቀይሩ። ጭን ለጭን የሚፋተግባችሁ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ቫዝሊን በስሱ ቀቡ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የረጠበ ልብስ በፍጥነት ስለሚልጥ ቫዝሊኑ የግድ ነው።

ጎማውንም በዚሁ ልጥቀስ። ጎማ ድንጋይ እስኪመስል የሚነፋ ሰው ብዙ ነው። የኮብልስቶኑን ንዝረት በሙሉ መቀመጫችሁ ይቀበለዋል። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ለ65 ኪሎ ሰው 70 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ይበቃዋል። ብስክሌታችሁ ከፈቀደ ከ23ቱ ወደ 28ቱ ጎማ ቀይሩ።

ደረጃ 7፦ ሙከራው

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቁመቱንም፣ ዝንባሌውንም፣ ኮርቻውንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

አንድ መንገድ ምረጡና ሁልጊዜ በእሱ ፈትኑ። የኔ የአዘዞው ነው። ቁልቁለትም፣ ዳገትም፣ ደህና አስፋልትም አለው። ባጃጅ ሳይበዛ፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ ኮርቻ ስትሞክሩ ግማሽ መንገድ ሄዳችሁ ተመለሱ። ብሩግላውን ኪሳችሁ ያዙ። መንገድ ዳር ቆሞ በ2 ሚሊ ሜትር ማስተካከል ቤት ሆኖ ከመገመት ይሻላል።

ስትነዱ በየ10 ደቂቃው ለጥቂት ሴኮንድ ፔዳሉ ላይ ቁሙ። ሳያማችሁ በፊት ቁሙ። ቁልቁለት ላይ እግራችሁ ስለማይገፋ ክብደታችሁ ሁሉ ኮርቻው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ወደ አዘዞ ስትወርዱ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ከፍ በሉ፣ ደሙ ይዙር።

ለአንድ ኮርቻ ስድስት ያህል ጉዞ ስጡት። አጥንቱ ላይ ያለው ሕመም እየቀነሰ ከሄደ ቀጥሉ። መደንዘዙ ግን አፍንጫውን ዝቅ አድርጋችሁም፣ ቁመቱን አስተካክላችሁም በሦስተኛው ጉዞ ካልተወ ኮርቻው የእናንተ አይደለም። ለባለቤቱ መልሱት፣ ወይም ሽጡት፣ ሌላ ሞክሩ።

የሚመቻችሁን ያገኛችሁ ዕለት ሦስት ቁጥር ጻፉ። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል እስከ ኮርቻው አናት፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው፣ እና የውሃ ልኩ ዝንባሌ። የኮርቻው ብረት ወደ ብስክሌቱ በሚገባበት ቦታ ላይ ቀጭን ስኮች ጠምጥሙ። ብስክሌቱን የሚያጥብላችሁ ልጅ ወይም ጠጋኙ ኮርቻውን ቢያወርደው በአንድ ደቂቃ ትመልሱታላችሁ። የኔ ቁጥሮች ጓዳ በር ጀርባ ላይ በእርሳስ ተጽፈዋል፦ 70.4፣ 54፣ ዝቅ 2።